በቀሚስ ላይ የተሰኩ ቃላት

ቺንጎላ፣ ዛምቢያ
እሑድ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2003

ዝናቡ ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አላባራም። ይህን ስጽፍ አብረውኝ ያሉት ልጄ ካሉባና ጎረቤቴ የሙምባ እናት ናቸው። የሙምባ እናት ዶሮ ነጋዴ ናት፤ ዶሮዎቿን ከዝናብ ላስጠልል ብላ መጥታ እስካሁን አልሄደችም። ሰባት ዶሮ ከአልጋዬ ሥር አለ።

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ፣ ለእናቴ እህት ልጅ ለምዌዋ፦

የአባቶቻችን አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ወደቡ ላይ የሚያነሡት ሸክም ሁሉ ይቅለልዎት። እኛ ከዝናቡ በቀር ያስቸገረን ነገር የለም።

ደብዳቤዎ በገና ማግስት ደረሰኝ። የወንድሜ የቺታሉ ልጅ ኤርሜሊንዳ በኦገስት ልታገባ መሆኑን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ቁጭ ብዬ የምሰማው ወሬ አልሆነልኝም። ቺታሉ ከእርስዎ ጋር በባቡር ወደ አንጎላ፣ ወደ ሎቢቶ ሲሄድ መሐረብ እያውለበለብኩ የሸኘሁት የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። በዓመቱ ጦርነቱ ሐዲዱን ቆረጠው። እሱም እዚያው ቀረ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ሚስቱን ቀበረ፣ በመጨረሻም ራሱ ተቀበረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁን አንድ ቀን አላየኋትም።

እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ሙሽራን ሰሌን ላይ አስቀምጣ የምትመክራት የአባቷ እህት ናት። ምክሩ በገዛ አፍ ይነገራል። በአስተርጓሚ ካለፈ ምክር መሆኑ ይቀርና ወሬ ይሆናል። ወንድ ደግሞ ጨርሶ አይሰማውም። ልጅቱ ቋንቋችንን ቤምባን አታውቅም፣ እኔ ፖርቱጋልኛ አላውቅም። ከእኔ ሌላ የአባት እህት የላትም። እኔ ካልመከርኳት የሙሽራው እናት ወገኖች ይመክሯታል፤ ልጅቱም ዕድሜ ልኳን «ማንም ሳይኖራት የመጣች» እየተባለች ትኖራለች።

ስለዚህ ፖርቱጋልኛ እማራለሁ። ሰባት ወር አለኝ።

ይህን ለካሉባ ስነግረው አየኝና «እማዬ፣ እንግሊዝኛውንም ከሰልባጅ ኪስ ነው የለቀምሽው» አለኝ። እውነቱን ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜ ዛሬ ጋዜጣ የማነበው፣ የምሸጠውን የልብስ ቦንዳ በፈታሁ ቁጥር ከኮትና ከሱሪ ኪስ የሚወጣውን ደረሰኝ፣ ትኬትና የገበያ ማስታወሻ እየሰበሰብኩ ነው። አንዴ ከሆነልኝ ሁለተኛ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የቸገረኝ ከኪሶቹ ፖርቱጋልኛ አለመውጣቱ ነው። እባክዎ እዚያ ካለው የተጻፈበት ነገር ሁሉ ይላኩልኝ፤ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን አልንቅም።

እህትዎ ኤስናርት


ሎቢቶ፣ አንጎላ
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2003

ለእህቴ ለኤስናርት፣ ለካሉባ እናት፦

ሰላምታዬ ከባሕሩ ንፋስ ጋር ይድረስሽ፤ ቤትሽ ደረቅ፣ ዶሮዎቹም ከአልጋሽ ሥር የወጡ ይሁኑ።

ደብዳቤሽን ወደቡ ላይ ለጓደኞቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ከክሬኑ በቀር ሥራ ያላቆመና ያልሳቀ የለም። አትቀየሚኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖሬ ዛሬም ስናደድ ቃሉ ይጠፋኝና በቤምባ ነው የምሳደብ። አንቺ በሰባት ወር፣ ያውም በሳሙና መጠቅለያ?

የቀለለ መንገድ አለ። አንቺ ነይና በቤምባ ተናገሪ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስተረጉማለሁ። የሰማሁትን እንደ ተረጎምኩ እረሳዋለሁ፤ የመርሳት ችሎታዬን ባለቤቴን ጠይቂ።

የሙሽራው እናት ዶና ቫልዴሚራ ትባላለች፤ በፖርቱጋሎቹ ጊዜ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበረች። ዛሬም ሰው ስታናግር ማኅተም የምትመታ ይመስላል። «የዚህች ልጅ ወገን ማን ነው? ማን ያናግራታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ተገቢውን መልስ ሰጥቻታለሁ።

ልጅቱ ደህና ናት። የተማሪዎች የደንብ ልብስ ትሰፋለች። አባቷ ቤምባ ለምን አላስተማራትም ብለሽ እንዳታዝኚበት። በጦርነቱ ጊዜ ከቤትሽ የማይታወቅ ቋንቋ ከተሰማ ጎረቤት ይጠረጥር ነበር።

እምቢ እንደምትዪኝ ስለማውቅ ከዚህ ጋር የሳል ሽሮፕ ማብራሪያ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ወረቀት፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭና ስለ እግር ኳስ የሚያወራ ግማሽ ጋዜጣ ልኬልሻለሁ። የቀረው ግማሽ ዓሣ ተጠቅልሎበት ሄዷል።

ወንድምሽ ምዌዋ


ቺንጎላ
ማርች 30 ቀን 2003

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለምዌዋ፦

የላኩልኝን ጥቅል የከፈተ እጄ ይባረክ፣ ያሰረውም የእርስዎ እጅ ይባረክ። በዚህ ዕድሜዬ በሲሚንቶ ከረጢት እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ ማን አሰበ?

ከመጋረጃ ኋላ ስለ መቆም ያሉትን አንብቤ ለሙምባ እናት ነገርኳት። «ወንድ ከመጋረጃ ኋላ ቆሞ አያውቅም፤ ወይ ይገልጠዋል ወይ ይተኛል» ብላለች። መልሴ ይኸው ነው።

አስተማሪ አገኘሁ። ዶና ዦአኪና ትባላለች፤ ከጦርነቱ ሸሽታ መጥታ እኛ ገበያ ካሳቫ የምትሸጥ አንጎላዊት ናት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከጎኔ ስትቀመጥ «ስንት ነው» ከማለት በቀር ምንም ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ አፍሬያለሁ። አሁን በየጠዋቱ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በፖርቱጋልኛ ብቻ ታናግረኛለች። ካልገባኝ አትተረጉምልኝም፤ በእጇም አታሳየኝም። ያንኑ ትደግመዋለች፤ አሁንም ካልገባኝ ጮክ ትላለች። አንድ ቀን እንዳቀብላት የፈለገችው በርጩማ መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ በርጩማው ላይ የተቀመጥኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ዘዴዬን ልንገርዎት። በየጠዋቱ አምስት አዲስ ቃል በቁራጭ ወረቀት እጽፍና በመርፌ ቁልፍ አምስት ልብስ ላይ እሰካቸዋለሁ። የተሰካበት ልብስ ገዢ ከመጣለት ቃሉን ሳላይ መናገርና በዓረፍተ ነገር ማስገባት አለብኝ። ካልቻልኩ ልብሱ አይሸጥም። ሕጉ የእኔ ስለሆነ ይግባኝ የለውም።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ደንበኛ አረንጓዴ ቀሚስ ይዛ ገንዘቧን ዘርግታ ቆመች። ቃሉ ጠፋኝ። ሰማይ አየሁ፣ መሬት አየሁ።

«እቴ፣ ቀሚሱን ትሸጪልኛለሽ ወይስ እየጸለይሽለት ነው?» አለችኝ።

የሙምባ እናት ከማዶ «ታገሺ፣ ገና አልመጣላትም። ትናንት አንዱን ሱሪ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ያሰረችው» ብላ መለሰችልኝ። ገበያው ሳቀ። በሳቁ መሐል ቃሉ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከአፌ ወጣ፤ ዶና ዦአኪና ከካሳቫዋ ብድግ ብላ አጨበጨበች። ያን ቀሚስ በቅናሽ ሰጠኋት።

የሳል ሽሮፑን ማብራሪያ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤዋለሁ። «ከመጠቀምዎ በፊት በደንብ ይወዝውዙ» የሚለውን ለዶና ዦአኪና ስደግምላት የሙምባ እናት ትርጉሙን ጠየቀችኝ። ስነግራት «ለባልም ይሠራል» አለች። ማታ ማታ ከአንጎላ ሬዲዮ በጦርነቱ የተጠፋፉ ሰዎችን የሚያፈላልጉትን እሰማለሁ። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ የት መንደር መጨረሻ እንደታዩ በዝግታ ስለሚናገሩ እከተላቸዋለሁ። መጀመሪያ የገባኝ ሙሉ ዓረፍተ ነገር «እናቱ እስካሁን ትጠብቀዋለች» የሚል ነው። የገባኝ ቀን ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። ሁለቱንም አደረግሁ።

እስከ ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቃል አለኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ስለ እኔ መምጣት ኤርሜሊንዳ ምን አለች? ጠይቀው የተናገረችውን እንዳለ ይጻፉልኝ።

እህትዎ ኤስናርት


ሎቢቶ
ሜይ 11 ቀን 2003

ለእህቴ ለኤስናርት፦

ጤናና ሰላም እንደ ማዕበሉ ሳይቋረጥ ይምጣልሽ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ጦርነቱ አምና አብቅቶ ሰላም ከሆነ ወዲህ ወደቡ ፋታ የለውም።

ልጅቱ ደህና ናት። የሙሽራዋ ቀሚስ ተጀምሯል፤ ራሷ ናት የምትሰፋው።

አሁን ስንት ቃል ደረስሽ? ከተማረ ሰው ጋር ብትቀመጪ ለምን ያህል ጊዜ ማውራት ትችያለሽ? ሩብ ሰዓት? ፎቶግራፍ ተነሥተሽም ላኪልኝ። ነጭ ሸሚዝ ልበሺ፤ ከተቻለም መነጽር አድርጊ።

የእንቅልፍ መድኃኒት ማብራሪያና የምርጫ ምዝገባ ቅጽ ከዚህ ጋር አለልሽ። ቅጹ ትላልቅ ቃላት አሉት፤ እነሱን በደንብ አጥኚ።

ወንድምሽ ምዌዋ


ቺንጎላ
ጁን 15 ቀን 2003

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለምዌዋ፦

ሰላምዎ ይብዛ። እኔ ታምሜ አልነበረም፣ ግን የታመመ ሰው መስዬ ሰንብቻለሁ።

ዶና ዦአኪና አገሯ ገባች። በሜይ መጨረሻ ስደተኞቹን የሚመልሱት መኪናዎች መጡ። አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቀችው ቀን ስለሆነ ደስ ብሎኝ ሸኘኋት። ቤቴ ስመለስ ግን ደብተሬን ከቦንዳው ሥር አስገባሁት። መልስ የሚሰጥ ሰው ከሌለ ቋንቋ ምን ይሆናል? ከግድግዳ ጋር ማውራት ነው። ያነበብኩት ሁሉ ተምታታብኝ። ትናንት የማውቀው ቃል ዛሬ ሲጠፋኝ «ካሉባ እውነቱን ነው፣ ወንድሜም እውነቱን ነው» አልኩ። ሁለት ሳምንት ያህል አንድ ወረቀት አልሰካሁም። ልብሱ ሁሉ ያለ ሕግ ተሸጠ፤ ገበያዬም ደራ፤ እኔ ግን ሸክም የተጫነብኝ መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የሙምባ እናት አንዲት ዶሮ ታቅፋ መጣችና ፊቴ ቆመች። «ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ።

«ዶሮ ናት» አልኳት።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። በዚያኛው ነው የጠየቅኩሽ።»

ተውኩት አልኳት። እሷም አልጮኸችም። «አንቺ ብትተዪ እኔ ምን ልሁን? እኔ እኮ ከማዶ ሆኜ በየቀኑ አምስቱን እይዝ ነበር። ቲማቲም ሻጯም ትይዛለች። ያ ጫማ ሰፊውማ ባሰበት፤ ሚስቱን በፖርቱጋልኛ ነው የሚጠራት፤ ልትፈታው ነው» አለችኝ። ከዚያ የዶሮን፣ የእንቁላልን፣ የላባን ስም አንድም ሳትስት ጠራችልኝ። አነጋገሯ የዶና ዦአኪናን ቁጣ ሳይቀር ይዞታል።

በማግሥቱም በሦስተኛውም ቀን ሁሉም ከደጃፌ ቆመው «የዛሬው የታለ?» ሲሉኝ ደብተሬን ከቦንዳው ሥር አወጣሁ። ብቻዬን የምማር መስሎኝ ኖሯል። አሁን በጠዋት ገበያው ሳይሞላ አንድ ሩብ ሰዓት ቆመን እንናገራለን፤ የሚያርመን ስለሌለ ስሕተታችን አንድ ዓይነት ነው። ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያበረታኝ፣ ማንም ቋንቋውን በቅጡ ስለማያውቅ ማንም በማንም አለመሳቁ ነው። ዛሬ አምስት መቶ ስልሳ ቃል አለኝ፤ ምክሩንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በደብተር ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አርባ ገጽ ሆነ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። መነጽር አድርጌ አላውቅም፤ ዐይኔ ደህና ነው። ለምን ይሆን? ደግሞ ኤርሜሊንዳ ምን እንዳለች ጠይቄዎት ስለ ቀሚሷ ነገሩኝ።

እህትዎ ኤስናርት


ሎቢቶ
ጁላይ 6 ቀን 2003

እህቴ ኤስናርት፦

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ኃጢአተኛ ረጅም ሰላምታ አያምርበትም።

ዶና ቫልዴሚራ በፌብሩዋሪ «ማን ያናግራታል?» ስትለኝ፣ «አክስቷ ታናግራታለች፤ ዛምቢያ ውስጥ የፖርቱጋልኛ አስተማሪ ናት» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ። የአፍንጫዋን አቀማመጥ ብታዪ አንቺም ይህን ትዪ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች፤ እኔም አንድ አንድ እየጨመርኩ መጣሁ። አሁን አንቺ ርዕሰ መምህርት ነሽ።

ልጅቱን በፌብሩዋሪ ነው የጠየቅኳት። የመለሰችልኝን ልጽፍልሽ ልቤ ስለፈራ ነው የዘገየሁት። እንዳለ ይኸውልሽ፦ «በአባቴ ቀብር ላይ ብዙ ሰው መጥቶ አይቶኝ፣ ፈገግ ብሎልኝ፣ ራሴን ዳብሶኝ ሄዷል። እንዲህ ያለ ዘመድ በቅቶኛል። ታናግረኝ እንደሆነ ትምጣ። ማናገር የማትችል ከሆነ ግን አትድከም።»

አሁን ሁሉንም አውቀሻል። መቅረት ከፈለግሽ ታማለች እላለሁ፤ ውሸቱን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

ወንድምሽ ምዌዋ


ቺንጎላ
ጁላይ 20 ቀን 2003

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ፦

የልጅቱን ቃል አሥር ጊዜ አነበብኩት። «ታናግረኝ እንደሆነ» አለች እንጂ «በደንብ ታናግረኝ እንደሆነ» አላለችም። ይበቃኛል።

በናሚቢያ ዞሮ ወደ እናንተ የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝቻለሁ፤ ረቡዕ እነሣለሁ። ሦስት ሳምንት ቢፈጅም ሾፌሩ አንጎላዊ ስለሆነ መንገዱ በሙሉ ትምህርት ቤት ነው። የሙምባ እናት ለመንገድ የተጠበሰ ዶሮ ሰጥታኛለች፤ ስሙን ካልጠራሁ እንዳልበላው አስምላኛለች።

እርስዎ ስለዋሹት በኋላ እንነጋገራለን። መነጽር አላደርግም።

እህትዎ ኤስናርት


ሎቢቶ፣ በእርስዎ ቤት
ሰኞ፣ ኦገስት 18 ቀን 2003

ካቱምቤላ በጓደኛዎ ቤት ላሉት ለታላቅ ወንድሜ ለምዌዋ፦

ከገዛ ቤትዎ አስወጥተን እስከ ረቡዕ እንዳይመለሱ ስላደረግን ይቅርታዎ ይድረሰን፤ ሥርዓት ነው። ልጅ ልከው «እንዴት ሆነ?» ብለው ስለጠየቁ በምሳ ሰዓት ይህን እጽፍልዎታለሁ። ምክሩን አልጽፍም። እንዴት እንደሆነ ግን መስማት ይገባዎታል።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤርሜሊንዳ በጨርቅ ተሸፍና ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። ዶና ቫልዴሚራ ከእህቷ ጋር ወንበር ላይ ነበረች፤ ሁለቱም ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። እኔ ከልጅቱ ፊት ለፊት መሬት ተቀመጥኩ። ደብተሬን ከፈትኩት፣ መስመሩ ስለተደባለቀብኝ ዘጋሁት። የመጀመሪያው ቃል ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ቀስ ብዬ፣ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው እየረገጥኩ እየሞከርኩ ቀጠልኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ተሳሳትኩ። ስሕተት መሆኑን ያወቅኩት ከጨርቁ ሥር በቀጭን ድምፅ ትክክለኛው ስለመጣ ነው።

በእኛ ሥርዓት ሙሽራ ምክሩ እስኪያልቅ ትንፍሽ አትልም፤ ይህን እርስዎ ለዶና ቫልዴሚራ አስቀድመው ነግረዋታል። እሷም «ሙሽራ አትናገርም ብላችሁኝ አልነበረም? አስተማሪ ናትም ብላችሁኛል» አለች።

አፌ ይተሳሰራል ብዬ የፈራሁት ሰዓት መጣ። አልተሳሰረም። ያልተጻፈ ነገር፣ በደብተሬ የሌለ፣ በፖርቱጋልኛ እንዲህ አልኳት፦

«አስተማሪ አይደለሁም። ገበያ ውስጥ ሰልባጅ እሸጣለሁ። ይህን ቋንቋ የተማርኩት ለዚህች ልጅ ብቻ ነው፤ ሰባት ወር ሆነኝ። ሙሽራ ዝም ትላለች የሚለው ሕግ የእኛ ነው። ዛሬ እኔ ፈትቼዋለሁ።»

ስንት ቦታ እንደተሳሳትኩ አላውቅም። ጨርቁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ለካ እየሳቀች ነው። «አክስቴ፣ ያንን አምስተኛውን እንደገና ይበሉት» አለችኝ። አልኩት። «እንደገና።» አልኩት። ሦስተኛው ላይ «አሁን ሆነ» አለችኝ። ወንድሜ፣ የቺታሉ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ እንደዚሁ ሄድን። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታርማለች፣ እኔ እደግማለሁ። በአገራችን ሙሽራዋ ናት ምክሩን እስክታውቀው የምትደግመው፤ እዚህ መካሪዋ ደገመች። አንድ ቦታ ላይ ቃሉን እሷም አታውቀውም ነበር፤ ስለ ትዳር የሆነ ነገር ስለሆነ ማን ያስተምራት? ሁለታችንም ዶና ቫልዴሚራን አየናት። እሷም ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ለእህቷ ሰጠች፣ ከወንበሯ ወርዳ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠችና በልጅቱ ጆሮ ነገረቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እኔን አማቴ በጠራ ፖርቱጋልኛ መክራኝ ነበር፤ አንዲት ቃል አላስታውስም» አለችኝ።

በዚህ ዓይነት መሄድ ጊዜ ይወስዳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግማሹ ላይ ብቻ ደርሰን ነበር። ዶና ቫልዴሚራ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ነገ እመጣለሁ ብላለች።

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩት ይህ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ግቢውን ጠረግሁ። ከባሕሩ የመጣው ጉም ገና አልተነሣም ነበር። ፊቴን ታጥቤ ብቻዬን ወደ ዓሣ ገበያው ወረድኩ። ዋጋ ጠየቅኩ፣ በዛ አልኩ፣ ሻጯ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፣ «የኤርሜሊንዳ አክስት ነኝ፣ የልብስ ሰፊዋ» አልኳት። አወቀቻት። ሦስት ዓሣ ገዝቼ ተመለስኩ፣ ቅርፊቱን ፋቅሁ፣ ጨው ነሰነስኩበት፣ በሳህን ከደንኩት። ገንፎ አገነፋሁ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቼ ልጅቱን ቀሰቀስኳትና፣ ተነሺ ልጄ፣ ግማሹ ይቀረናል አልኳት በፖርቱጋልኛ። ዐይኗን ሳትገልጥ አንዱን ቃል አረመችኝ። ደገምኩት። ሰሌኑን ዘረጋሁና በሩን ዘጋሁ።

እህትዎ ኤስናርት